ከኤምቲቪ በፊት ታሪክ ያላቸው ዘፈኖች በካርቱን ሲሰሩ ነበር እንዴ? ከየት ጀመረ?

ዜማ_አሳዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ማታ ማታ የድሮ ዘፈን እያሳደድኩ ነው የማመሸው፣ ትናንት ዋን ቲን ሶልጀርን ስፈልግ ድንገት በካርቱን የተሰራ ክሊፕ መጣልኝ። ዘፈኑን ለማታውቁት ከጫፍ እስከ ጫፍ ታሪክ ነው። ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ከድንጋይ ስር የተቀበረ ሀብት አላቸው ይባላል፣ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ሀብቱን አምጡ ብለው ይልኩባቸዋል፣ የተራራዎቹ ኑ እንደ ወንድም እንካፈል ብለው ይመልሳሉ፣ እነዛ ግን ተቆጥተው ፈረስ ጭነው ሰይፍ መዘው ይወጡና አንድ ሰው ሳያስቀሩ ይጨርሷቸዋል፣ ከዛ ድንጋዩን ሲገለብጡት ከስሩ ያለው ሀብት ስለ ሰላም የተፃፈች አንዲት መስመር ሆና ትገኛለች። ዘፈኑን ካወቅኩት ቆይቷል፣ ሁሌም እዛ ድንጋዩ የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ሆዴን ይበላኛል።

እና ካርቱኑን ሳይ መጀመሪያ አሁን የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የሰራው መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳጣራ ለካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቲቪ ሾው የተሰራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው እንዳንጋጭ)። በዛው መስመር ስቀጥል ባድ ባድ ሌሮይ ብራውንም አለ፣ ያ የቺካጎ ደቡብ ሰፈር ጉልበተኛ፣ ሁሉም የሚፈራው፣ መጨረሻ ላይ የሰው ሚስት አይቶ የተቀጠቀጠው። እኔ እኮ እስከዛሬ ክሊፕ የሚባል ነገር ኤምቲቪ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ሲከፈት የመጣ ነበር የሚመስለኝ፣ ቢበዛ ከዛ አምስት ስድስት ዓመት በፊት።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ፣ እነዚህን ማን ነው የሰራቸው፣ ከነሱ በፊትስ ነበር ወይ። ግን ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ዘፈኑ ታሪኩን በቃል ነግሮኝ ጨርሷል አይደል፣ ታዲያ ስዕሉ ምን ሊጨምርልኝ ነው የሚመጣው? ሌሮይን በጆሮዬ ብቻ ስሰማው የራሴ ሌሮይ ነበረኝ፣ ፊቱን፣ አረማመዱን፣ የቀለበቱን ብልጭታ ሳይቀር አውቀው ነበር። አሁን ዘፈኑን ስከፍተው የሚመጣብኝ የተሳለው ነው፣ የኔው ጠፋብኝ፣ እና ይሄ ትርፍ ይሁን ኪሳራ መለየት አቃተኝ።

———

ፍሬም_በፍሬም፦

ያየሃቸው ነገሮች ባለቤት አላቸው፣ ስሙ ብዙም ስለማይነሳ ዛሬ እዚህ መነሳቱ ደስ ብሎኛል። ጆን ዴቪድ ዊልሰን ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፣ አሜሪካ ሄዶ ዲዝኒ ቤት ሰርቷል፣ ከዛ ፋይን አርትስ ፊልምስ የሚባል የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። ገና ከጅምሩ የሚያሳድደው ሙዚቃን ነው፣ በ1956 የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የስትራቪንስኪን ፔትሩሽካ የሚባል ባሌ ለቴሌቪዥን በካርቱን ሰራው፣ ያውም አቀናባሪው ራሱ በህይወት እያለ ኦርኬስትራውን እየመራለት። ለፊልም ሰሪ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ።

አንተ ያየሃቸው ደሞ ለሶኒ እና ሼር ኮሜዲ አወር የተሰሩት ናቸው፣ የባልና ሚስቱ ዘፋኞች የሶኒና የሼር የመዝናኛ ሾው ነው፣ በሲቢኤስ ጣቢያ ከ1971 እስከ 1974 የተላለፈው። የጆኒ ሚቸል ቢግ የሎው ታክሲ አለ፣ የሜላኒ ብራንድ ኒው ኪ አለ፣ የጂም ክሮቺ ሌሮይ ብራውን፣ በ1974 ደሞ የራሷ የሼር ዳርክ ሌዲ። ዳርክ ሌዲን ካላየህ ዛሬውኑ እየው፣ የኒው ኦርሊንስ ጠንቋይ ጋ ሄዳ ካርታ ያስነበበች ሴት ታሪክ ነው፣ ቤት ስትመለስ ያ ጠንቋይዋ ጋ የሸተታት ሽቶ ከዚህ በፊት የራሷ ክፍል ውስጥ የሸተታት እንደሆነ ትዝ ይላታል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አልነግርህም። በ1978 የወጣው ግሪስ የሚባለው ፊልም መግቢያ ላይ ያለው ካርቱንም የዊልሰን ስራ ነው፣ እሱን ሳታየው አትቀርም፣ ብዙ ሰው አይቶት የማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ለምን ታሪክ ያለው ዘፈን እንደተመረጠ ደሞ በኔ ግምት ነገሩ ግልፅ ነው። የመዝናኛ ሾው ላይ ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፣ የፍቅር ዘፈን ከሆነ ፊቱን ማየት ይበቃል። ዘፈኑ ውስጥ ግን አምስት ሰው፣ ሁለት ጎሳ፣ ፈረስና ተራራ ካለ ዘፋኟ ቆማ ምን ታደርጋለች? ያንን በተዋናይ ልስራ ብትል ፊልም ልትሰራ ነው። ስዕል ላይ ግን ተራራም ሆነ ፈረሰኛ ጦር ዋጋው አንድ ነው፣ ሁሉም ወረቀትና ቀለም ነው።

ርካሽ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ! ቁጥሩን አብረን እንየው። 3 ደቂቃ ዘፈን 180 ሰከንድ ነው፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ማለትም 24 ነጠላ ምስል ይሄዳል፣ ስለዚህ 4,320 ፍሬም። አንዱን ስዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ብታነሳው እንኳን 2,160 ስዕል ነው፣ ያ እያንዳንዱ በእርሳስ ተስሎ፣ ወደ ሴል ማለትም ወደዛ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተገልብጦ፣ ከጀርባው ቀለም ተቀብቶ፣ ከመልክዓ ምድሩ ስዕል ላይ ተደርቦ ተራ በተራ የሚነሳ ነው። ኮምፒውተር የለም። እና በየሳምንቱ ለሚተላለፍ ሾው።

እዚህ ጋ ነው ታሪክ ያለው ዘፈን ሰሪውን ራሱን የሚረዳው፣ ይሄን ሰው ልብ አይለውም። እንዲህ አይነት ዘፈን አዝማች አለው አይደል፣ አዝማቹ ሶስት አራት ጊዜ ይመለሳል፣ አዝማቹ ሲመለስ የተሳለውም ሊመለስ ይችላል። ተመልካቹ ተደገመብኝ አይልም፣ ምክንያቱም ጆሮውም እየተደገመለት ነው። ከዛ ደሞ አንድ ረጅም የጀርባ ስዕል ሰርተህ ካሜራውን ቀስ አድርገህ ብታስኬድበት ሙሉ ስንኝ ይሸፍንልሃል። ይሄ በስንፍና የመጣ አይደለም፣ ጉልበታቸውን ቆጥበው ድንጋዩ የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ለማፍሰስ ነው።

———

ጥቁርና_ነጭ፦

ፍሬም_በፍሬም የፃፈው ሁሉ ልክ ነው ግን ዊልሰን ጋ ካቆምን ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘለልን ማለት ነው። እኔ የምወደው ዘመን ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም ነው ታገሱኝ።

መጀመሪያ ነገር ካርቱን እራሱ ከመኖሩ በፊት ዘፈንን በስዕል ማሳየት ነበር። በ1894 ዘ ሊትል ሎስት ቻይልድ የሚባል ዘፈን ወጣ፣ እሱም ታሪክ ነው፣ አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ የጠፋች ህፃን ያገኛል፣ ሲያጣራ የራሱ ልጅ ሆና ትገኛለች፣ ተጣልተው የተለያዩት ሚስቱም ልጇን ፍለጋ ስትመጣ ይታረቃሉ። ዘፈኑን ያሳተሙት ሰዎች ብልህ ነበሩ፣ ታሪኩን ሰዎች አቁመው እያስመሰሉ ፎቶ አስነሱት፣ ፎቶውን መስታወት ላይ አድርገው በእጅ ቀለም አስቀቡት፣ ከዛ ቲያትር ቤት ውስጥ ዘፋኙ ሲዘፍን ስንኙን እየተከተለ መጋረጃ ላይ በመብራት ይታይ ነበር። አይንቀሳቀስም፣ ግን ለጥያቄህ ዋናው መልስ እዚሁ አለ፤ ዘፈን ታሪክ ከያዘ ሰው ማየት ይፈልጋል፣ ይሄ አምሮት ኤምቲቪ ከመምጣቱ 87 ዓመት በፊትም ነበር። ሀሳቡ ተይዞ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ፊልም እስኪቀየር ድረስ ይሄው ነበር የሚታየው፣ ታዳሚውም አዝማቹን አብሮ ይዘፍን ነበር።

ከዛ ፍላይሸሮች መጡ። ማክስና ዴቭ፣ ወንድማማቾች፣ ኒውዮርክ። በ1924 አብሮ ለመዝፈን የሚሆኑ ካርቱኖች ጀመሩ፣ ግጥሙ ስክሪን ላይ ይፃፋል፣ አንዲት ነጭ ኳስ ከቃል ወደ ቃል እየነጠረች መቼ ምን እንደምትዘፍን ታሳይሃለች። ዛሬ ካራኦኬ ቤት የምታየው ሁሉ የዚች ኳስ የልጅ ልጅ ነው። ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ድምፅ ነበራቸው፣ የሊ ደ ፎረስትን ፎኖፊልም የሚባል መሳሪያ ተጠቅመው፣ ያውም ሚኪ ማውስ በህዳር 1928 መርከብ ላይ ከማፏጨቱ በፊት። በ1926 በሰሩት አንዱ ላይ ውሻ አፉን ከድምፁ ጋር ገጥሞ ኳሷን ተከተሉ ብሎ ታዳሚውን ይጋብዛል። የመጀመሪያው ድምፃዊ ካርቱን የዲዝኒ ነው የሚል ሰው ሲገጥማችሁ በትህትና አርሙት።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። 1932፣ ሚኒ ዘ ሙቸር። የጃዝ ዘፋኙ ካብ ካሎዌይ ዘፈኑን በ1931 ቀድቶት አገር ምድሩ ይዘፍነዋል፣ ታሪኩ ሚኒ ስለምትባል ልቧ ሰፊ ግን ህይወቷ የተበላሸ ሴት ነው፣ ስሞኪ ከሚባል ሱሰኛ ጋር ገጥማ ኦፒየም ወደሚጨስበት ቤት የገባች፣ በህልሟ የስዊድን ንጉስ የወርቅ ቤትና የአልማዝ መኪና የሚሰጣት። ፍላይሸሮች ይሄን ዘፈን ይዘው የራሳቸውን የካርቱን ገፀ ባህሪ ቤቲ ቡፕን አስገቡበት። ፊልሙ ሲከፈት ካሎዌይ ራሱ በስጋና ደሙ ባንዱ ፊት ቆሞ እየተንሸራተተ ይደንሳል። ከዛ ካርቱኑ ይጀምራል፣ ቤቲ ምግብ አልበላም ብላ አባቷ ይቆጣታል፣ ቁጣው አላልቅ ሲል ጭንቅላቱ የሸክላ ማጫወቻ ይሆናል፣ እናትየው ሸክላውን ትገለብጥለታለች። ቤቲ አኩርፋ ማስታወሻ ትታ ከጓደኛዋ ቢምቦ ጋር ትጠፋለች፣ ሲመሽባቸው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ፣ ዋሻው ውስጥ ትልቅ የባህር አውሬ መንፈስ፣ ዋልረስ፣ ብቅ ብሎ ሚኒን ይዘፍንላቸዋል።

እና አሁን ጥያቄህን አስታውስ፣ ስዕሉ ምን ይጨምራል ያልከውን። ፍላይሸሮች ከግጥሙ ውስጥ ያለውን አንዱንም አልሳሉትም! የስዊድን ንጉስ የለም፣ የአልማዝ መኪና የለም፣ ሚኒ ራሷ የለችም። ያለው መጠጥ ቤት የተሰለፉ አፅሞች፣ ኤሌክትሪክ ወንበር ላይ የሚቀመጡ የእስረኞች መናፍስት፣ አይኗ የፈሰሰ ድመት አይናቸው የፈሰሰ ግልገሎቿን ስታጠባ። ቃሉ ስለ ሚኒ ያወራል፣ ስዕሉ ሚኒን የበላትን ነገር ያሳይሃል፣ ያንን የምታየው ደሞ ከቤት የጠፋች ወጣት ልጅ ናት፣ ማለትም ሚኒ ልትሆን አንድ እርምጃ የቀራት። ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን እየሄደ ነው፣ አንዱ በጆሮ አንዱ በአይን፣ ሁለቱ የሚገናኙት አንተ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ ቤቲ ሮጣ ቤቷ ገብታ ብርድ ልብስ ውስጥ ትሸጎጣለች፣ የተወችው ማስታወሻም ይቀደድና የሚቀረው ቃል ቤት የሚወደስበት ብቻ ይሆናል።

ዋልረሱ ሲደንስ ለምን እንደዛ ልብ እንደሚሰርቅ ልንገርህና ላብቃ። ማክስ ፍላይሸር ሮቶስኮፕ የሚባል ዘዴ ፈጥሮ በ1917 ፓተንቱን ተቀብሎበታል፣ የተቀረፀ ፊልም ፍሬም በፍሬም ከመስታወት ስር ይበራል፣ ሰዓሊው ከላይ ወረቀት ዘርግቶ እንቅስቃሴውን ይከተለዋል። ዋልረሱ የካሎዌይ ዳንስ ነው፣ መጀመሪያ ያየኸው ያ መንሸራተት ራሱ በሌላ ገላ ተመልሶ መጣ። በቀጣዩ ዓመት 1933 ደሞ ስኖው ዋይት በሚለው የቤቲ ፊልም ላይ ኮኮ የሚባለው ክላውን ሴይንት ጄምስ ኢንፈርመሪን ይዘፍናል፣ የሞተች ፍቅረኛውን አስከሬን ክፍል ሄዶ ያየ ሰው ዘፈን ነው፣ እየዘፈነ እግሩ እየረዘመ መንፈስ ይሆናል። ያን ፊልም ሮላንድ ክራንደል የሚባል አንድ ሰው ነው አብዛኛውን ብቻውን የሳለው፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶበት። አንድ ሰው፣ ስድስት ወር፣ ሰባት ደቂቃ። ባየሁት ቁጥር እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ።

———

ዜማ_አሳዳጅ፦

እኔ ሁለት መስመር መልስ ነበር የጠበቅኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ሚኒን አሁኑኑ ከፍቼ አየሁት፣ የድመቷ ነገር ዘግንኖኛል፣ ግን ዘፈኑን ከዚህ በፊት ሰማሁት ለማለት አሁን አፈርኩ፣ የደስታ ዘፈን ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጥያቄ፣ ያቺ ኳስ በምንድነው የተሰራችው? እንደዛ በልኩ ከቃሉ ጋር እንድትነጥር በ1920ዎቹ እንዴት ቻሉ፣ እያንዳንዷን ሳሉዋት?

———

ጥቁርና_ነጭ፦

አልሳሏትም! ለዚህ ነው የምወዳት። ግጥሙ ይፃፍና መስመር በመስመር ፊልም ይነሳል፣ አንድ ሰው በእጁ ጥቁር ዘንግ ይይዛል፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ ነጭ ኳስ አለች፣ ሙዚቃው ሲሄድ ሰውየው ጆሮው እየሰማ በየቃሉ ላይ ያስነጥራታል፣ ዘንጉ ጥቁር ስለሆነ አይታይም። የሰው እጅ ናት ማለት ነው። ለዚህ ነው እንደ ማሽን ደርቃ የማትሄደው፣ ረጅም ኖታ ላይ ትንሽ ቆየት ትላለች፣ ሙዚቃ የገባው ሰው እጅ እንደሆነች ታስታውቃለች።

———

ማለዳ፦

ሁሉንም በጉጉት አነበብኩት ግን በአንድ ነገር አልስማማም፣ ጥቁርና_ነጭ ይቅርታ ያድርግልኝ። ጥሩ ስዕል ከቃሉ የሚርቅ ነው የሚል ነገር ከፅሁፍህ ሸትቶኛል፣ ሌሎቹም እንደዛ አድርገው እንዳይዙት ፈራሁ። ቃል በቃል የተሳለ ሆኖ ነፍስ ያለው ስራ አለ።

የካናዳው ብሔራዊ ፊልም ቦርድ በጦርነቱ ዘመን፣ ከ1944 ጀምሮ፣ የፈረንሳይኛ ህዝባዊ ዘፈኖችን በካርቱን ያሰራ ነበር፣ ከጀርባው የነበረው ሰው ኖርማን ማክላረን ነው። እሱ ኋላ በ1958 ለ ሜርል የሚባል አጭር ፊልም ሰራ። ሜርል ጥቁር ወፍ ነው፣ ዘፈኑ ልጆች የሚወዱት የሚደራረብ አይነት፣ ወፌ ምንቃሩን አጣ እንዴት ይዘፍናል፣ ወፌ አይኑን አጣ እንዴት ይዘፍናል እያለ አንድ አንድ አካል እያጎደለ ይሄዳል። ማክላረን ምን አደረገ፣ ትንንሽ ነጭ ወረቀት ቆረጠ፣ ክብ፣ ዘንግ፣ ሶስት ማዕዘን፣ ከነሱ ወፍ ገጠመ። ዘፈኑ ምንቃር ሲል ምንቃሩ ይነሳል፣ አይን ሲል አይኑ ይነሳል፣ አንዲት ነገር ከግጥሙ ውጪ የለም። አካሎቹ ሲመለሱ ደሞ እየተባዙ ነው፣ ሁለት ምንቃር ሶስት ምንቃር፣ መጨረሻ ላይ ወፉ ወፍ ይሁን ሌላ ፍጥረት መለየት ያቅትሃል፣ ግን እየዘለለ ነው፣ እየጨፈረ ነው። የማይቻል ነገር የሚናገር ግጥም ቃል በቃል ሲሳል እኮ ራሱ ተዓምር ነው፣ ምክንያቱም በቃል ብቻ ስትሰማው ቀልድ መስሎህ ታልፈዋለህ፣ አይንህ ፊት ሲሆን ግን ወፉ አንጀትህን ይበላዋል።

ስለዚህ ዜማ_አሳዳጅ የኔ ወንድም ለኔ መልሱ ዘፈኑ ላይ ነው ያለው። ሚኒ ብዙ የደበቀችው ነገር ያለባት ዘፈን ናት፣ ቃላቶቿ ራሳቸው የሱሰኞች ኮድ ናቸው፣ ስለዚህ ስዕሉ ዞሮ ከኋላ መግባት ነበረበት። ወፉ ግን ምንም አልደበቀም። ዋን ቲን ሶልጀርስ? እሱ ምሳሌ ነው፣ ምሳሌ ውስጥ ያሉ ሰዎች ፊት የላቸውም፣ የተራራው ሰው የሸለቆው ሰው ነው የሚባሉት፣ ስም እንኳ የላቸውም፣ ስዕል ሲሆኑ ያጣኸው ነገር ያለ አይመስለኝም። ሌሮይ ላይ ግን እውነትህን ነው፣ እሱ ስም ያለው ሰው ነው፣ ጂም ክሮቺ ቀለበቱን፣ መኪናውን፣ ጫማው ውስጥ የደበቀውን ምላጭ ሳይቀር እየቆጠረ ስሎ ጨርሶልሃል፣ በተሳለ ላይ ስዕል ነው።

———

ሰም_እርሳስ፦

ማለዳ ያለችው ገብቶኛል ግን ከሚሰራው ሰው ወንበር ላይ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ስራዬ ሌላ ነው ግን ላለፉት አራት ዓመታት ማታ ማታ አኒሜሽን ስማር ነበር፣ እና አንድ ታሪክ ያለው ዘፈን መርጬ አንድ ደቂቃውን ልስል ተነሳሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ማለዳ ያለችውን ነው፣ በሩን ከፈተ ሲል በር ስዬ፣ አለቀሰች ሲል እንባ ስዬ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስጨርስ አጫወትኩት፣ ሞቷል። ምን እንደጎደለው ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ኋላ የገባኝ ስዕሉ ሁሌም ዘግይቶ የሚደርስ መሆኑ ነው። በሩን የሚለው ቃል ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሰሚው በሩን በጭንቅላቱ ከፍቶ ገብቷል፣ የኔ በር ከዛ በኋላ ነው ሲጢጥ ብሎ የሚከፈተው።

ከዛ በር የሚለው ቃል ከመምጣቱ ግማሽ ሰከንድ በፊት ሰውየውን እጀታው ላይ አደረስኩት። ሌላ ምንም አልቀየርኩም። ተነሳ! አሁን ቃሉ ሲመጣ ስዕሉን የሚያረጋግጥለት ሆነ፣ አይን ቀድሞ ይጠይቃል ጆሮ ይመልሳል። ለ ሜርልን በዚህ ጆሮ ደግመሽ እዪው፣ ማክላረን ቃል በቃል ነው ግን ሰዓት አጠባበቁ ላይ ሊቅ ነው።

ለማያውቁ ደሞ ስራው የሚጀምረው ከሙዚቃው ነው፣ መሳል ኋላ ነው። ዘፈኑ ቀድሞ ይቀዳል፣ ከዛ ምት በምት ይቆጠራል። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ዘፈን ከሆነ እያንዳንዱ ምት 12 ፍሬም ነው፣ 90 ከሆነ 16። ይሄ ሁሉ ረጅም ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ከጎኑ የግጥሙ ቃል በየፊደል ድምፁ፣ የቱ ፍሬም ላይ አፉ ይከፈታል የቱ ላይ ይዘጋል። ሰዓሊው ቁጭ ሲል ዘፈኑ ከፊቱ እንደ ካርታ ተዘርግቷል። ታሪክ ያለው ዘፈን ግን አንድ ክፉ ባህሪ አለው፣ አንዷ ስንኝ ውስጥ ሶስት ዓመት ያልፋል፣ አራት ሰከንድ ነው ያለህ፣ በነዛ አራት ሰከንዶች ሰውየው አግብቶ ወልዶ ተሰዶ መመለስ አለበት። በተዋናይ ፊልም ይሄ የሚያስቅ ይሆን ነበር። በስዕል ግን ዛፉን አንድ ጊዜ ቅጠል ታለብሰዋለህ፣ ታራግፈዋለህ፣ አለቀ። ዘፈንና ስዕል ጊዜን የሚያሳጥሩበት መንገድ አንድ አይነት ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል የሚዋደዱት።

———

ፍሬም_በፍሬም፦

ሰም_እርሳስ ያንን አንድ ደቂቃ ካላሳየኸን እንጣላለን።

በመሃል የዘለልናቸው ስላሉ ቶሎ ልበልና ልለፍ። 1950ዎቹ ላይ ዩፒኤ የሚባለው ስቱዲዮ፣ ያ በቀጭን መስመርና በጠፍጣፋ ቀለም የዲዝኒን ዘመን የቀየረው፣ በ1954 የበረዶ ሰውየውን የፍሮስቲን ዘፈን በጥቁርና ነጭ ሶስት ደቂቃ ገደማ አድርጎ ሰርቶታል። ዘፈኑ ታሪክ ነው፣ ባርኔጣ ሲደፉለት ነፍስ የዘራ፣ ከልጆቹ ጋር የሮጠ፣ ሳይቀልጥ ተሰናብቶ የሄደ። የቺካጎው ደብሊውጂኤን ጣቢያ ከ1955 ጀምሮ በየገናው ያሳየው ነበር፣ ስለዚህ ለዛ ከተማ ልጆች ክሊፕ ማለት በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ዘፋኙ ሃሪ ኒልሰን ደሞ ዘ ፖይንት የሚለውን ሙሉ ተረት በዘፈን ፃፈ፣ ሁሉም ሰው ጭንቅላቱ ሹል የሆነበት አገር ውስጥ ጭንቅላቱ ክብ ሆኖ ስለተወለደ ልጅ፣ ፍሬድ ዎልፍ ዳይሬክት አድርጎት በ1971 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። እና በ1974 እንግሊዞቹ ሃላስ ኤንድ ባችለር የሚባል ስቱዲዮ ላቭ ኢዝ ኦል የሚለውን ዘፈን በካርቱን ሰሩ፣ የሮክ ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ በዛ ነጎድጓድ ድምፁ እየዘፈነ ጊታር የያዘ እንቁራሪት የጫካውን እንስሳ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ድግስ ይወስዳል። ታሪኩ ቀጭን ነው ግን እንቁራሪቱን አይቶ የማይወደው ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ኤምቲቪ ሲከፈት እንግዲህ ይሄ ሁሉ ከኋላው ተቀምጦ ነበር። በ1985 የወጣው የቴክ ኦን ሚ ዘፈን ክሊፕ፣ ያ በእርሳስ የተሳለው፣ ልጅቷን እጁን ዘርግቶ ኮሚክ ውስጥ የሚያስገባት፣ ሁሉም ተዓምር ያለለት፣ ዘዴው ያው የማክስ ፍላይሸር ሮቶስኮፕ ነው።

———

ዜማ_አሳዳጅ፦

ሰም_እርሳስ ስለ በሩ የፃፈውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሚኒን ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ዋልረሱ ያለ ሙዚቃም እየዘፈነ ነው፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ ትከሻው ላይ ይታያል፣ አዝማቹ የት እንደሚጀምር ያለ ድምፅ አወቅኩት። ከዛ ስክሪኑን ዘግቼ ድምፁን ብቻ ሰማሁት፣ አሁን ድመቷ መጣችብኝ፣ ሚኒም አብራ መጣች፣ ካርቱኑ ውስጥ የሌለችው ሚኒ፣ ፊቷ የኔው ነው፣ ማንም አልሳለብኝም።

ሌሮይን ግን ለጊዜው እተወዋለሁ። ማለዳ እንዳልሽው ክሮቺ ራሱ ስሎት ጨርሷል፣ ዘፈኑን ስልኬ ላይ በድምፅ ብቻ ጭኜው መንገድ ላይ እየሰማሁት ነው የምሄደው፣ አረማመዱ ዛሬ ጠዋት ትንሽ ተመልሶልኛል። ዛሬ ማታ ለ ሜርል ነው።